የእትዬ አስካለ ካውቦዮች

ልጅ ሳለሁ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ዳገት ላይ ስንኖር፣ የምሽት ተረታችን ሁሉ ፈረስና ሽጉጥ ነበር። ተራኪያችን ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናቸው። ወጣት ሳሉ መሀል ከተማ አንድ ሲኒማ ቤት ተቀጥረው ዘግይቶ ለመጣ ተመልካች በባትሪ ወንበር ያሳዩ፣ ፊልሙ ሲያልቅም አዳራሹን ይጠርጉ ነበር። አንዱን የካውቦይ ፊልም በር አጠገብ ቆመው ደጋግመው ስላዩት፣ ማን የት ጋ እንደሚተኩስና ማን እንዴት እንደሚወድቅ በቃላቸው ያውቁታል። እንግሊዝኛ ግን አያውቁም። ስለዚህ ለሰዎቹ ሁሉ ንግግር የሚሰጧቸው እሳቸው ነበሩ፤ ሕግ አስከባሪው ሸሪፍ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ይቆጣል፣ ወንበዴው ደግሞ «አንተን ፈርቼ የት ልደበቅ?» እያለ ይፎክራል።

አመሻሽ ላይ ጓሯቸው ውስጥ ምድጃውን ከበን እንቀመጣለን። የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ጭስ ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ መብራት ስለሚጠፋ አጠገባቸው ኩራዝ ያስቀምጣሉ። ፍም መቆስቆሻው ብረት ያኔ ሽጉጥ ነው። አንዱ ሰው በገመድ ታስሮ ፈረስ ሲጎትተው፣ ጀርባው ጠጠር ላይ ሲላጥ፣ ሌላው ዛፍ ላይ ተሰቅሎ እግሩ አየር ላይ ሲራገጥ፣ እትዬ አስካለ አንዱንም አይዘሉትም። «ጧ!» ሲሉ ሁላችንም ደረታችንን ይዘን እንወድቃለን። አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነበርን፦ አክተሩ፣ ማለትም ዋናው ጀግና፣ አይሞትም። የሚሞቱት ሌሎቹ ናቸው፣ እነሱም ቶሎ ነው የሚሞቱት።

እትዬ አስካለ አንድ ልጅ ነበራቸው፣ መስፍን የሚባል፤ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ ሥራ አልያዘም። እኛ ተረት ስንሰማ እሱ ክፍሉ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተኛል። አንዳንዴ «እማዬ፣ በቃ» ይላል፤ እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ከአጥሩ ማዶ አናጢው ጋሽ ደምሴ ይኖሩ ነበር። በሁለቱ ግቢዎች መካከል የመስፍን አባት ከመሞታቸው በፊት የተከሏቸው ባሕር ዛፎች ነበሩ፤ ጋሽ ደምሴ ደግሞ ዛፎቹ የቆሙት የኔ ይዞታ ላይ ነው ይላሉ። ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር፣ አልተስማሙም። ከዚያ በኋላ መስፍንና ጋሽ ደምሴ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም መባባል ተዉ።

አንድ አመሻሽ፣ ተረቱ መሀል ላይ ሳለ፣ ከአጥሩ ጀርባ የመጥረቢያ ድምፅ ተሰማ። እትዬ አስካለ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የመስፍን በር በኃይል ተከፈተና በባዶ እግሩ ወጥቶ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከ። እኛ ልጆቹም ግር ብለን ተከተልነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ልቤ የመታው በደስታ ነበር፤ አክተሩ ማን እንደሆነ ለማየት ቸኩያለሁ።

«ጋሽ ደምሴ፣ መጥረቢያውን ያስቀምጡ» አለ መስፍን።

«ይዞታዬ ላይ የቆመ ዛፍ ለመቁረጥ አንተን አላስፈቅድም!»

«አባቴ የተከለውን አይነኩም፤ ያስቀምጡ ብያለሁ!»

ጋሽ ደምሴ መጥረቢያውን አንስተው ግንዱን ደገሙት። ያኔ መስፍን ከጦር ሜዳ ይዞት የመጣውን ሽጉጥ ከወገቡ አወጣ።

«አስቀምጥ አንተ!» ብሎ ጮኸ። ከልጅነቱ ጀምሮ «እርስዎ» የሚላቸውን ሰው «አንተ» ሲል ስሰማ ደስታዬ ጠፋ።

ጋሽ ደምሴ መጥረቢያውን እንደያዙ ወደ እሱ ዞሩ። ሊመቱት ይሁን ሊያስቀምጡት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጥይቱ ጮኸ። ድምፁ «ጧ» አይልም፤ ጆሮ የሚያደነቁር፣ ሆድ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ጋሽ ደምሴ ደረታቸውን ይዘው አልወደቁም። እንደደከመው ሰው ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ሆዳቸውን ዳበሱ፣ እጃቸውን አዩ።

«መስፍኔ፣ ምን አደረግኩህ?» አሉ። ቀጥለውም «ውሃ» አሉ። ደጋግመው «ውሃ» አሉ። ደሙ በሸሚዛቸው ሥር እየወረደ የተፈለጡት ቅርፊቶች ላይ ተንጣለለ። ሽታው የብረት ነበር። ይሞታሉ ብለን ጠበቅን፤ አልሞቱም፣ መሬቱን በጣታቸው እየቧጠጡ ማቃሰታቸውን ቀጠሉ።

እትዬ አስካለ ደርሰው ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈፉና ቁስሉ ላይ ጫኑት። በዚህ መሀል የጋሽ ደምሴ ወንድም ከሰፈር ጎረምሶች ጋር ዱላና ድንጋይ ይዞ ዳገቱን ወጣ። መስፍን ሽጉጡን ወደ እነሱ አዞረ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። እናቱ ተነስተው ሽጉጡ ፊት ቆሙ። እጃቸው እስከ ክርናቸው በደም ተነክሯል።

«አምጣው።»

«እማዬ፣ ዞር በይ፣ ይገድሉኛል!»

«አምጣው አልኩህ፤ ወይም ከእኔ ጀምር።»

ሰጣቸው። ወዲያው ጎረምሶቹ ወረዱበት። ዱላው ራሱ ላይ ሲያርፍ፣ ጥርሱ ሲረግፍ፣ አፍንጫው ሲሰበር አየሁ። እትዬ አስካለ ሽጉጡን አጥር ማዶ ወርውረው ልጃቸው ላይ ተኙ። ለመስፍን የተሰነዘረ ዱላ የእሳቸውን ክንድ አገኘው፤ ሲሰበር ድምፁ የደረቅ እንጨት ይመስል ነበር። ፖሊስ እስኪደርስ አልተነሱም።

ጋሽ ደምሴን በአልጋ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ሲያወርዷቸው መንገድ ላይ ሞቱ። መስፍን ታሰረ። እትዬ አስካለ ክንዳቸውን እንዳሰሩ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው በሩ ላይ ተንበረከኩ፤ የጋሽ ደምሴ ሚስት እትዬ አልማዝ ግን ወጥተው አመድ በተኑባቸው። እትዬ አስካለ አመዱን ሳያራግፉ ተመለሱ።

ክረምቱ ሲያልቅ አንድ ቀን ብቻዬን ጓሯቸው ገባሁና፣ ልጅ ነኝና፣ «እትዬ፣ ያ ፊልም መጨረሻው ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«ያን ሁሉ ዓመት ሳይ» አሉ «የወደቁት ሰዎች እናት ስትመጣ አላየሁም፣ ልጄ። ፊልሙ ያልቃል፣ መብራት ይበራል፣ እኔ እጠርጋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ተረት አውርተውልን አያውቁም።

እትዬ አስካለና እትዬ አልማዝ መቼ እንደተነጋገሩ፣ ማን እንደጀመረ አላውቅም። ከዓመታት በኋላ ከሾላ ገበያ አንድ ዘንቢል ጆሮና ጆሮውን ይዘው ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው፤ አይነጋገሩም ነበር። አሁን እኔም ልጆች ወልጃለሁ። ባለቤቴ የድሮ ካውቦይ ፊልም በሳተላይት ሲመጣ ድምፁን ይጨምራል፤ እኔ ተነስቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

እትዬ አስካለ ባለፈው ዓመት አረፉ። የገነዟቸው እትዬ አልማዝ ናቸው። አውራ ጣቶቻቸውን በክር ሲያስሩ፣ ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመውን ክንድ ቀስ አድርገው ሲያቃኑ ከበሩ አጠገብ ሆኜ እመለከት ነበር። ከእስር የተፈታው መስፍን ሽበት ወርሶት ውጭ፣ ዝናብ ላይ ቆሟል፤ እትዬ አልማዝ ውስጥ እንዳሉ ስለሚያውቅ መግባት አልደፈረም። እትዬ አልማዝ እጃቸውን ታጥበው መጡና በሩን ከፈቱ።

«ግባ» አሉት። «እናትህ ናት።»

ይቅር ብለውት ይሁን አይሁን አልጠየቅኳቸውም፤ የሚጠየቅም አልመሰለኝም። ፊቱን አላዩትም። ግን ጎንበስ ብሎ እስኪያልፍ ድረስ በሩን እንደከፈቱ ያዙለት።