ለእኔ ብቻ ንገረኝ

ልጅን በፍቅር ከጠየቁት እውነቱን መናገር ይለምዳል ይባላል። እኔ ዝምታ ነው የለመድኩት።

ትናንት አዲሱ ገበያ አንድ ሱቅ ውስጥ የዱቄት ወተት ሸተተኝና፣ በደርግ ጊዜ የዋልኩበት የጉለሌው ቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት ትዝ አለኝ። ሞግዚታችን እትዬ ዘነቡ አንድ ቀን ጭናቸው ላይ አስቀምጠውኝ፣ «ወተቱን የላስከው አንተ ነህ አይደል፣ የኔ ጌታ? ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ ለማንም አልናገርም» አሉኝ። ጆሯቸው ሥር አንሾካሾክሁላቸው። ግንባሬን ሳሙኝ።

ከሰዓት፣ እንደ አዋቂዎቹ ስብሰባ ጥፋታችንን የምንናገርበት የግለ ሂስ ሰዓት ደረሰ። እትዬ ዘነቡ ወንበር ላይ አቆሙኝና፣ «ጓዶች፣ የወተቱ ሌባ ይኸውላችሁ!» አሉ። የአምስት ዓመት ጓዶቼ አጨበጨቡ። ቀድመው ያጨበጨቡት ግን እሳቸው ነበሩ።

ልጃችሁን ልትቀጡት ከሆነ ቅጡት፤ አልናገርም ብላችሁ ግን አታናዝዙት።