ባንዲራው ሥር የተቀመጠችው ወፍ

ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ጊዜ ተመድቤ አሶሳ ስደርስ ቢሯችን አንድ የቆርቆሮ ቤትና ባዶ ግቢ ነበር። ባንዲራ መስቀል የአዲስ ገቢ ሥራ ነው ተባለ፤ አዲስ ገቢው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር።

ሚያዝያ ሲጋመስ አንዲት እግረ ረጅም፣ ጥቁርና ነጭ ወፍ መጥታ ምሰሶው ሥር ባዶ መሬት ላይ እንቁላል ጣለች። ጎጆ የሚባል ነገር አልሠራችም። ሠራተኛው ሁሉ ስሟን በየቋንቋው ነገረኝ፤ በአማርኛ የሚያውቀው ግን አልተገኘም። በማግስቱ ገመዱን ስስብ ከኋላዬ መጥታ ማጅራቴን አለችኝ። ክንፏ መታጠፊያ ላይ እንደ እሾህ የሾለ ነገር አላት፤ ደሜ ወረደ። እኔ ደግሞ ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ነኝ፤ ድንጋይ ላነሳ ምንም አልቀረኝም። ግን ባንዲራው እየወጣ ነው፤ ሠራተኛው ባርኔጣውን አውልቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወፏ ይህን ያወቀች ይመስል መላጣ እየመረጠች ወረደችባቸው። አንድም ሰው አልተነቃነቀም።

እያደር መላ አገኘን። ዓይን ዓይኗን ለሚያያት አትቀርብም፤ የምትመታው ከጀርባ ነው። ስለዚህ እኔ ባንዲራውን ስሰቅል፣ ከባምባሲ የመጣው የሂሳብ ሠራተኛ ጀርባውን ለጀርባዬ ሰጥቶ እሷን ያያል። "አንተ መንግሥትን ጠብቅ፣ እኔ አንተን" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ ግቢውን ጠጠር ለማልበስ ገልባጭ መኪና ሲመጣ ግን ወፏን ያስታወሰ አልነበረም። ጩኸቷን ሰምቼ ስወጣ መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ ምሰሶው ጋ ሊደርስ ነው። እንቁላሎቿን ከኋላዋ አድርጋ፣ ክንፎቿን ዘርግታ፣ ጎማው ፊት ቆማለች። ሁልጊዜ ከጀርባ የምትመጣብን ወፍ ፊት ለፊት ቆመች። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሮጬ የመኪናውን ጎን በእጄ ደበደብኩ።

ሹፌሩ አቁሞ ወረደና አያት። ኃላፊያችን ከበረንዳው ሆኖ፣ ስትጠጋት ትነሳለች፣ ቀስ ብለህ ሂድ አለው።

"ጌታዬ፣ ይቺ አትነሳም" አለ ሹፌሩ፤ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ኃላፊው ወርዶ ተጠጋና አያት። ኮቱን አወለቀ። ጠጠሩ በር ላይ ተራግፎ፣ ለእሷ ሰፊ ቦታ ትተን፣ በአካፋ በተንነው። ኃላፊውም አብሮን ነበር። እሷም እስኪመሽ እየጮኸች ሁላችንንም በየተራ መታችን።