የቀኝ እጄ ካሳ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ አንድ ጎረምሳ በኤሌክትሪክ ስኩተር መጥቶ ዘንቢሌን ገጨብኝ። እኔ አልወደቅኩም፤ ቲማቲሜ ግን አስፋልቱ ላይ ተበታተነ። ልጁ ደንግጦ ወረደና፣ «እማማ፣ ተጎዱ እንዴ? ምን ላድርግልዎ?» አለኝ። ዝም አልኩት። የተሰበሰበው ሰው በድንጋጤ አንደበቷ ተሳስሮ ነው ብሎ አዘነልኝ። እኔ ግን በሐሳብ ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ፣ መርካቶ ሄጄ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፈታይ። እናቴ ስለሞተች ቤታችን የቆመው በሁለታችን እጅ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና፣ የእኔን ያህል ቀጭን ክር የሚፈትል በሰፈራችን አልነበረም።

ሐምሌ መግቢያ ላይ አባቴ የሠራውን ነጠላ ይዤ ወደ ሸማ ተራ ስወርድ፣ አንድ የሱቅ ሠራተኛ ብስክሌቱ ላይ የአቡጀዲ ጣቃ ቆልሎ ቁልቁል መጣ። ጭቃው አንሸራተተውና እላዬ ላይ ወደቀ። ደወሉን የሰማሁት መሬት ላይ ሆኜ ነው። ተጋድሞ የሚሽከረከረው ጎማ እንዝርት መሰለኝ።

ወጌሻ የተሰበረ ቀኝ እጄን አሽቶ በቀርከሃ አሰረልኝ። አጥንቱ ገጠመ፤ ሦስት ጣቶቼ ግን ደነዘዙ። ክሩ በመካከላቸው ሲያልፍ አይታወቀኝም። የማይሰማ ጣት ደግሞ አይፈትልም። አባቴ፣ «የልጁ አሠሪ ባለሱቅ ነው። እከሰዋለሁ፤ በካሳው ሐኪም ቤት አሳይሻለሁ» አለኝ። ይህን የሰማው ባለሱቅ ሽማግሌ ላከብን።

ነሐሴ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት ያሉት ጋሽ ደስታ ናቸው፤ የአባቴን ነጠላ ዘወትር የሚገዙት ነጋዴ። ከኋላቸው ያ ባለብስክሌት ልጅ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል። ፍልሰታ ስለነበር ንፍሮ ቀቅያለሁ፤ በግራ እጄ አቀረብኩ። ማንም አልተቀመጠም።

«ኧረ ጋሽ ደስታ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ!» አለ አባቴ።

«የለመንህን እሺ ካላልከን አንቀመጥም።»

«ልመናው ምንድን ነው?»

«አንተ እሺ በለን፤ እንነግርሃለን።»

ሽማግሌ ደጁ ላይ ቆሞ፣ ያውም ጋሽ ደስታ! አባቴን ይሉኝታ ያዘው። ወደ እኔ ሳያይ፣ «እሺ፣ ይቀመጡ» አለ። ተቀመጡ። ልመናው ለካ ካሳው እንዲቀር ኖሯል።

«ልጁ የድሃ ልጅ ነው፤ አሠሪው ከደሞዙ ሊቆርጥበት ነው። ለእግዚአብሔር ብለህ ማርልን» አሉ ጋሽ ደስታ።

አባቴ፣ «ለእግዚአብሔር ብያለሁ» አለ። ድንጋዩ ወረደ፤ ልጁ የአባቴን ጉልበት ሳመ። ንፍሮውም ተበላ። ዕቃውን ሳጥብ ውሃው ይሙቅ ይቀዝቅዝ በቀኝ ጣቶቼ አላወቅኩም።

ሲሄዱ፣ «አባዬ፣ ጣቴስ?» አልኩት።

«ቃሌን ሰጠሁ እኮ፣ ልጄ» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ? አባቴ የወለደው እኔን ብቻ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ እንጀራውን በገዛ እጁ ያጎርሰኝ ነበር። እኔ አላለቀስኩም፤ አልተቆጣሁምም። ድንዛዜው ከጣቶቼ ተነስቶ ወደ ላይ የወጣ ይመስለኛል። እንዝርቴን ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁና ጉልት በርበሬ መቸርቸር ጀመርኩ፤ በዚያው ዕድሜዬ አለቀ።

«በል፣ ቲማቲሜን ልቀምልኝ» አልኩት ባለስኩተሩን። አቧራውን በሸሚዙ እየጠረገ አንድ በአንድ ለቀመልኝ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አለ። «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ያን የብስክሌት ልጅ ግን አባቴ ማረው እንጂ እኔ እስከ ዛሬ አልማርኩትም። ቂም ይዤ አይደለም። የጠየቀኝ ስለሌለ ነው።