ማዕዘን የሌለው ሳሎን

በሆሳዕና የግንባታ ሠራተኞች አፍ ቅስት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ቀስት ነው። ቤት አሠሪው «በሳሎኑና በመመገቢያው መካከል አንድ ቀስት አድርግልኝ» ይላል፤ ሠራተኛውም የጦር መሣሪያ እንደታዘዘ ሳይጠረጥር ጂፕሰሙን ያቦካል። የጂፕሰም ባለሙያው አጵሎስ መዝገበ ቃላት ለመዝናኛ የሚያነብ ሰው በመሆኑ ከላይ የጎበጠው መተላለፊያ ቅስት፣ የጦር መሣሪያው ቀስት መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ሆኖም ማንንም አያርምም፤ አቶ ሽብሩን ያላረመው ደግሞ አስቦበት ነው።

አጵሎስ የተወለደው አንጋጫ አጠገብ፣ እንሰት በከበበው ክብ የሣር ቤት ውስጥ ነው። ሆሳዕና ገብቶ ሙያ ከያዘ በኋላ፣ ከስምንት ዓመት በፊት፣ ሐዳሳ የተባለች መምህርትን ከመዘምራን መካከል አይቶ ወደደና ወደ አባቷ ሽማግሌ ላከ። አባቷ የቆርቆሮ ነጋዴው አቶ ሽብሩ ናቸው። ሽማግሌዎቹን በወግ አስቀመጡ፣ አበሉ፣ ከዚያም እንዲህ አሉ፦

«ለልጄ ያሠራሁላት ባለ መስታወት ቡፌ አለ። የእናንተ ልጅ ግን የክብ ቤት ሰው ነው። የት ልታስደግፉት ነው?»

አጵሎስ የሚኖረው ከተማ ውስጥ፣ አራት ማዕዘኑ በተሟላ የኪራይ ክፍል መሆኑን ለማስረዳት የሞከረ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ሳቁ ዋጠው። ይህች የአባትየው ጥያቄ በማግስቱ ከተማዋን ዞረች። አጵሎስ ገበያ ሲወጣ «ቡፌውን አስደገፍከው?» የማይለው ሰው ጠፋ። ሐዳሳ በኋላ ዳምቦያ የሚሠራ ነርስ አገባች፤ የባሏ ክፍል ጠባብ ስለነበር ቡፌው አባቷ ዘንድ ቀረ። ነርሱን ስለ ማስደገፊያ የጠየቀው አልነበረም። አጵሎስ ይህን የሰማ ዕለት እራት አልበላም። እርሱ ለጠላቶቹ የሚጸልይ አማኝ ነው፤ ከጸሎቱ ዝርዝር የጎደለው አንድ ስም ብቻ ነበር።

ዘንድሮ አቶ ሽብሩ አዲስ ቤት ሠሩ። በስልካቸው ያዩትን ዓይነት ሳሎን ተመኙ፤ የጂፕሰም ቦርድ አጥፎ ክብ የሚያወጣ ሰው ደግሞ በከተማው ከአጵሎስ በቀር አልተገኘም። የቦርዱን ጀርባ በስለት ጫር ጫር አድርጎ፣ በውሃ አርሶ፣ ሳይሰብሩ ጥቂት በጥቂት ማጠፍ ትዕግሥት ይጠይቃል። እርሱ ትዕግሥትን ስምንት ዓመት ተለማምዷል።

«ዘመናዊ ነገር ነው የምፈልገው» አሉ አቶ ሽብሩ። «በሩ ቀስት፣ መደርደሪያው ቀስት፣ ግድግዳው ዞር ዞር ያለ። ማዕዘን ዐይኔ እንዳያይ!»

«አንድም ጋሼ?»

«አንድም!»

«ለዕቃ እንኳ አንድ ቀጥ ያለ ግድግዳ ብተውልዎትስ?»

«አንተ የታዘዝከውን ሥራ! ዘመናዊ ቤት የት ታውቃለህ?»

ስለ ቀጥ ያለው ግድግዳ አጵሎስን ያስጠየቀው ሕሊናው ነበር። መልሱን ሲሰማ ሕሊናውም አረፈ።

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ፤ አማረም። ብርሃኑ ከመስኮት ገብቶ በግድግዳው ላይ ሳይሰናከል ይንሸራተታል። ቅስቶቹ በእጅ ሲዳሰሱ መጋጠሚያቸው አይገኝም። በፍቅር ቢሠራ ኖሮ እንዲህ ልቅም ብሎ መውጣቱ ያጠራጥራል።

በቤቱ የምስጋና ጸሎት ቀን መጋቢ ሆሴዕ መጡ፣ ሐዳሳ ከዳምቦያ መጣች፣ አጵሎስም ተጋብዞ በቅቤ የራሰ የቡላ አታካናውን በሳህን ይዞ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ቡፌው ገባ። ወደ ግድግዳው ሲያስጠጉት ሁለቱ ጫፎቹ ብቻ ነኩ፤ ግድግዳው ደጋን፣ ቡፌው ገመድ ሆኖ፣ በመካከላቸው ፍየል የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። በሌላው ወገን ሞከሩት፤ ያው ሆነ። ሳሎኑን ሙሉ ዞሮ ሲያበቃ መሐል ላይ ቆመ፤ መጋቢ ሆሴዕም ከመስታወቱ ማዶ በብርጭቆዎች መካከል ይታዩ ጀመር።

«አጵሎስ!» ብለው ጮኹ አቶ ሽብሩ። «ይህን የት ላስደግፈው?»

አጵሎስ ሳህኑን በቀስታ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ አሰብኩበት። የክብ ቤት ሰው ቡፌ አያስደግፍም።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። መጋቢው ሳቃቸውን ወደ ሳል ለወጡት።

«ሆን ብለህ ነው! አሁኑኑ አቃናው!»

«የደረቀ ጂፕሰም አይቃናም፤ ይሰበራል። አንድም ማዕዘን እንዳላይ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ሐዳሳ ተነሣች። «ጨረሳችሁ? አባዬ፣ ሽማግሌዎቹን ስትመልስ ቡፌ ትፈልጊያለሽ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል?»

አጵሎስ ፈገግ አለ፤ ቸኩሏል።

«አንተስ ሽማግሌ ስትልክ ጠይቀኸኛል? እኔ ስምህን እንኳ አላውቅም ነበር። እስከ ሠርጌ ድረስ ጳውሎስ ነበር የምትመስለኝ።»

ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው በረታ። ስምንት ዓመት ተኮትኩቶ ያደገው ቂም፣ ስሙን በቅጡ በማታውቅ ሴት ምክንያት እንደበቀለ አጵሎስ ያወቀው በሰው ፊት ነው።

«በሉ ብርጭቆዎቹን አውርዱና ወደ ዕቃ ቤት ውሰዱት» አለች ሐዳሳ። «ሁለታችሁ። ሌላ ሰው እንዳይነካው።»

አንዱ በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ይዘው፣ እየተገላመጡ ወጡ። በበሩ ቅስት ሥር ሲደርሱ የአጵሎስን እጅ አዳለጠው፤ ቡፌውም በአቶ ሽብሩ የግራ እግር ላይ አረፈ። አጵሎስ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። መጋቢ ሆሴዕ ይቅርታውን በጆሯቸው ሰምተዋል፤ እጁ ላይ ላብ ነበረ ወይ ተብለው ሲጠየቁ ግን መልስ ለመስጠት አልፈለጉም።