ጤዛው ያልረገፈ አልፋልፋ

እኔ ቁጡ ሴት ነኝ። ባሌ በሕይወት ሳለ "አንቺን ካገባሁ ወዲህ ውሻ ማሳደግ ትቻለሁ" እያለ ይስቅብኝ ነበር። እሱ ሲሞት አንድ በሬ ቀረኝ። ታናሽ ወንድሙም ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው። ሁለቱን አቀናጅቶ የኔንም የራሱንም መሬት ያርስ ነበር። መቀናጆ ማለት ይኸው ነው፤ አንዱ በሬ ከጠፋ ሌላው ቆሞ ከመብላት በቀር ሥራ የለውም።

ከቤቴ በታች ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ አልፋልፋ የሚባል የከብት መኖ ዘራሁ። ዘሩን ያገኘሁት መካነ ሰላም ለሥልጠና ተጠርቼ ነው፤ ከመንደራችን የሄድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አሠልጣኟ ልጅ እግር ናት፣ አነጋገሯ ግን አይረሳም። "ጤዛው ሳይረግፍ እንዳታበሉ። አጭዳችሁ፣ አጠውልጋችሁ ስጡ። እርጥቡን የጠገበ ከብት ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል" አለችን። እኔም እያጨድኩ፣ እያጠወለግሁ ለላሜም ለበሬዬም ስሰጥ ከረምኩ። ወተቱ ጨመረ፣ በሬውም ጀርባው ሞላ።

የባሌ ወንድም ግን ድካሜን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የወል ግጦሹ ለድርቆሽ ተከልሎ ከብቱ ሁሉ በተራበበት ክረምት በሬው አጥሬን ጥሶ ሁለት ጊዜ ገባ፤ ብዙ ሳይግጥ አባረርኩት። ሁለቱንም ጊዜ ወንድምየውን በሬህን ጠብቅ አልኩት። "ሣር አይደል እንዴ እትዬ፣ ተመልሶ ይበቅላል" ብሎ ሳቀ። ያ ሳቁ አንጀቴን አቃጠለኝ።

መስከረም ገባ። የባሌ ወንድም የሽምብራዬን መሬት ሊያርስልኝ ቀን ቆረጥን። በዋዜማው ጠዋት ከቤት ስወጣ የሱ በሬ አልፋልፋው መሀል ቆሟል። ግማሹን ጨርሶታል፤ ጤዛው ገና ከቅጠሉ አልወረደም። ደሜ ፈላ። የመጥረቢያ እጀታ አነሳሁና ጀርባውን፣ ሽንጡን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ቀጠቀጥኩት። ከዓይኑ ሥር ደማ። ጎትቼ አወጣሁትና ደጄ ካለው ግንድ ላይ ገመዱን አሳጥሬ አሰርኩት። የሰው ማሳ የገባ ከብት ባለቤቱ እስኪመጣ ይታሰራል፣ ደንቡ ነው፣ ማንም አይፈርድብኝም። ግን እውነቱን ልናገር። ገመዱን ስቋጥር የአሠልጣኟ ቃል ትዝ ብሎኛል። ከማሰር ይልቅ ዳገት ዳገቱን ብነዳው ሊተርፍ እንደሚችልም አውቄያለሁ። "ይነፋው፣ ባለቤቱም ይየው" አልኩ በሆዴ። ከዚያ ገብቼ ቁርሴን በላሁ።

የባሌ ወንድም በሬውን ፍለጋ ሲመጣ የበሬው ግራ ጎን ከጀርባው በላይ ወጥቷል፤ እግሮቹን አንፈራጦ ያቃስታል። ሰውየው መጀመሪያ ያየው ግን ደሙን ነው። "በሬዬን ገደልሽው" ብሎ በጥፊ አጮለኝ። አፌ ደም ሞላ። እጀታውን አንስቼ በቀኝ እጁ አንጓ ላይ አሳረፍኩበት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። በሌላው እጁ ጸጉሬን ይዞ ጣለኝ፣ እኔም ክንዱን ነከስኩት። ጭቃው ላይ ስንተናነቅ በሬው ከኋላችን ወደቀ።

ያን ጊዜ ነው ቁጣዬ ጥሎኝ የሄደው። ሮጬ ካራ አመጣሁና በግራ በኩል፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ሰካሁበት። አየሩ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ አረንጓዴ አረፋ ብቻ ተንተከተከ። ደግሜ ወጋሁት፣ ሠለስኩ። እጄ እስከ ክርኔ ደምና አረፋ ሆነ። "ተይው፣ ይታረድ፣ ሥጋው እንኳ ይትረፍ" አለኝና ካራውን ተቀበለኝ። ቀኝ እጁ ግን ተንጠልጥሏል፤ እኔው ነኝ የሰበርኩት። በግራው ሞከረ፣ አዳለጠው። በኛ አገር ሴት አታርድም። ከታች ያለውን ጎረቤት ተጣርተን እስኪደርስ በሬው ሞተ። ሳይታረድ የሞተ ጥንብ ነው፣ አይበላም። መንደርተኛው ጎትቶ ገደል ጣለው።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። "ሣሩ እንደሚገድል ታውቂ ነበር ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። የባሌ ወንድም ቀና ብሎ አየኝ። "ወላሂ አላውቅም" አልኩ። ፈረዱልኝ። በሬው የሞተው አጥር ጥሶ በራሱ ጥፋት ነው፤ የባሌ ወንድም ግን የሟች ወንድሙን ሚስት መትቷልና ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። እውነቱን ለማውጣት ያን ጊዜም አልረፈደም ነበር። እኔ ግን ፍርዱን ተቀበልኩ።

የሁለታችንም መሬት ያን ዓመት ጦም አደረ። በፍርዱ ማግስት እሱ የተሰበረ እጁን በጨርቅ አስሮ፣ እንደ ይቅርታ ጠያቂ ወግ በግራ እጁ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ደጄ መጣ። በሬውን ካሰርኩበት ግንድ አጠገብ ተንበረከከ። "እትዬ፣ ስለ ወንድሜ አጥንት ይቅር በይኝ" አለኝ። አብረውት የመጡት ሽማግሌዎች ያዩኛል።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት። ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አነሳሁለትና የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ይዤው ቆምኩ።