እናቴ ያላጠፋችው ጌም

ልጄ ታብሌቷን ቻርጅ ላይ ሰክታ ስትጫወት የጋለ ፕላስቲክ ሸተተኝና የአዳማው ሳሎናችን ትዝ አለኝ።

የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በኳስ ጌም ሲጋደል፣ ታላቅ ወንድሜ ብሩክ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን የእርሻ ጌም ይወድ ነበር። ቲማቲም መትከል፣ ላም ማለብ፣ በቃ። ጌሙን የሚያስቀምጥ ሜሞሪ ካርድ ስላልነበረን ፕሌይስቴሽኑ ከጠፋ እርሻው እንዳለ ይጠፋል። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም አናጠፋውም። እናቴ ደግሞ ከኋላችን እየዞረች አምፖል የምታጠፋ ሴት ናት፤ በዚህ ከብሩክ ጋር ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር።

አንድ ቀን ብሩክ ትርፍ አንጀት ተነሳበት። አባዬ ደግፎ ወደ ሆስፒታል ሲያወጣው ሆዱን እንደያዘ ዞረና፣ "ቤቲዬ፣ እንዳታጠፊው" አለኝ።

በማግስቱ ሙቀቱ አይጣል ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ፕሌይስቴሽኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ በማራገቢያ ታራግበዋለች። የፕሌይስቴሽኑ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ደንግጣ አማተበች።

"እማዬ፣ ይቀዝቅዝ፣ ላጥፋው?"

"እጅሽን ሰብስቢ! ልጄ እስኪገባ ይቺ መብራት አትጠፋም።"

ለጌሙ ያሰበች መስሎኝ ገረመኝ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ብሩክ ከስቶ፣ አባዬን ተደግፎ ሲገባ አረንጓዴዋ መብራት እንደበራች ነበረች። እናቴ "እፎይ!" ብላ ማራገቢያውን ጣለችና አለቀሰች።

ዛሬ ብሩክ መቂ ላይ እውነተኛ ቲማቲም ያመርታል። እናቴ አሁንም አምፖል እያሳደደች ታጠፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን፣ እሱ ከመቂ እስኪገባ ድረስ፣ የበረንዳውን መብራት የሚነካባት የለም።