ብርድ የመታው ሞተር

ዛሬ ጠዋት ነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ባጃጅ በክረምቱ ጉም ውስጥ አልነሳም ብሎ ያልተቃጠለ ቤንዚኑን ሲተፋ፣ መንገደኛው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ፣ እኔ ግን የሠርግ ወጥ እንደሸተተው እንግዳ ቆሜ በረጅሙ ሳብኩት፤ በዚያ ሽታ ውስጥ የልጅነቴ ሰፈር ከነአጥሩና ከነውሻው ተቀምጧላ።

የጓደኛዬ የቶሌራ አባት ኦቦ ፈይሳ የግብርና ሠራተኛ ነበሩ፤ በጨረታ የገዙት አሮጌ የውሃ መሳቢያ ሞተር ጓሯቸው ተጥሎ ዶሮ ያድርበት ነበር። እኛ ደግሞ አንድ ቀን በቴሌቪዥን ከመሬት ስንዝር ከፍ ያሉ፣ ጣሪያ የሌላቸው የእሽቅድምድም መኪኖች ሲከንፉ አየንና አበድን። ዶሮዎቹን አባረን ሞተሩን የኩሽኔታ ጋሪያችን ላይ በሽቦ ጠፈርነው፤ ወፍጮ ቤት የጣለውን ቺንጊያ፣ ያንን የጎማ ቀበቶ፣ ቆርጠን ከኋላ እግሮቹ ዘንግ ጋር አገናኘነው። የቀረው መነሳት ብቻ ነበር።

አልነሳም። ገመዱን ስንስበው እንደ ሽማግሌ አንዴ ይስልና ጭጭ። ጊዜ ደግሞ አልነበረንም፤ ኦቦ ፈይሳ ወደ ጊምቢ ተዛውረው ቅዳሜ ዕቃው በአይሱዙ ሊጫን ነው፤ ቶሌራም ሊሄድ፣ ሞተሩም ሊሄድ። አንዴ እንኳ አብረን ሳንነዳው ከተለያየን መኖሩ ራሱ ምን ያደርጋል አልን።

ቤንዚኑን ከአየር የሚያቀላቅለውን ካርቡሬተር ፈታነው። እኔ ቀዳዳዎቹን በአፌ ስነፋ የዋጥኩት ቤንዚን ደምቢዶሎ አድርሶ ይመልስ ነበር፤ እናቴ ምድጃ አጠገብ እንዳልደርስ ከለከለችኝ። ቶሌራ ደግሞ ቀጭኗን የቤንዚን ቀዳዳ በጋሪ ፈረስ ጭራ ፀጉር ወለወላት፤ ፀጉሩን ሲነቅል የደረሰበትን ፈረሱና የቶሌራ ጭን ያውቁታል። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ብናወጣው ደረቅ! ቤንዚን አይደርሰውም ማለት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የአየር መግቢያውን የምትዘጋው ክዳን ከነእጀታዋ ወልቃ እንደጠፋች ግን ያኔ ከየት አውቀን!

ወሬው ሲሰማ ሰፈሩ እንደ ደንቡ በሽተኛ ሊጠይቅ መጣ። እናቴ፣ የጎጃም ሰው ናትና፣ ጠያቂዎቹን አንድ በአንድ እያየች "ዓይን ነው" አለች። የአጥር ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ግን ጎንበስ ብለው ሞተሩን "አካም ቡልቴ?" አሉት፤ እንዴት አደርክ እንደማለት። ገመዱን ሳብን። ሳለ።

"ይሄማ ብርድ መቶታል! ራቁቱን ታሳድሩታላችሁ፣ ጆሌ፣ እናንተ ልጆች?"

"አዴ፣ ብረት እኮ ነው!" አለ ቶሌራ።

"ብረት አይበርደውም? እስቲ ሐምሌ ላይ በማለዳ ማረሻ ጨብጥ!"

ጋቢያቸውን አውልቀው ከአናቱ እስከ ካርቡሬተሩ አፍ ጠቀለሉት። ቶሌራ እየሳቀ ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ አገሳ! ዶሮዎቹ ጊዳ አያና ድረስ የሸሹ ይመስለኛል። ወዲያው ጥቁር ጭስ እየተፋ ሊታፈን ሲል አዴ ጫልቱ "አላበው፣ አላበው! አሁን ግለጡለት" ብለው ጋቢውን ገፈፉት፤ እንደ ንብ መንጋ ይዘፍን ጀመር። ጋቢው አየሩን ዘግቶ ቤንዚን እንዳሳበው ከዓመታት በኋላ ላስረዳቸው ብሞክር "እኔስ ምን አልኩ?" አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙው በር ላይ ቆሞ ሳለ ጋቢውን አልብሰን አስነሳነው፤ እኔ ፊት፣ ቶሌራ ወገቤን ይዞ ከኋላ፣ ወደ አስፋልቱ ወጣን። ለልጆቼ እንደ ነፋስ ከነፍን ብያቸዋለሁ። እናንተ ትልልቅ ሰዎች ስለሆናችሁ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አዴ ጫልቱ ጋቢያቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው ከጎናችን በእግራቸው እየሄዱ ያወሩን ነበር፤ መንገድ ላይ ቆመው ከአንዲት ዘመዳቸው ጋር ከብቱንም ልጁንም ተጠያይቀው እንደገና ደረሱብን። ቶሌራ ጆሮዬ ሥር "ቀስ በል፣ ትገድለናለህ!" እያለ ይጮኻል። እንደዚያ ቀን ፈጥኜ አላውቅም።

የአይሱዙው ጥሩምባ ጠራን። ሞተሩ ተፈቶ ሲጫን አዴ ጫልቱ ጋቢውን ለረዳቱ አቀብለው አስጠቀለሉት፤ ረዳቱ ሊስቅ ሲል አዩት፤ አልሳቀም። ቶሌራ አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ጋቢው ላይ እንዳደረገ በጉሙ ውስጥ ጠፋ።

ያን ክረምት አዴ ጫልቱ በነጠላ ከረሙ። እናቴ "ለብረት ጋቢ ይሰጣል?" ብትላቸው "እኔን ብርዱ ለምዶኛል፤ እሱ ለአገሩ እንግዳ ነው" አሉ። ስለ ሞተሩ ይሁን ስለ ቶሌራ አልጠየቅናቸውም።

ዛሬ አዴ ጫልቱ የሉም፤ ቶሌራ የት እንዳለ አላውቅም፤ እኔ ግን ኮምፒውተር ያለው መኪና አለኝ። ባለፈው ዝናብ አልነሳም ብሎ መንገዱ ላይ ቆመ። ጎረቤቴ ጃንጥላውን ይዞ ወጣ፤ መኪናውን አየ፣ እኔን አየ፤ "ጋሼ፣ በሬን ዘግቶብኛል እኮ" አለኝ። ልክ ነው፣ ዘግቶበታል። ብቻዬን ገፋሁት።